ከላም በረት የወጣችው ቀይ መኪና

እኛ ሰፈር መኪና አያረጅም። ቡራዩ ውስጥ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ ትንሽ የቤት መኪና ገዝቶ ሦስት ዓመት የነዳ ሰው ሲሸጠው ከገዛበት በላይ ያገኛል። አጎቴ የመኪና ደላላ ስለሆነ ይህን የተማርኩት ከፊደል እኩል ነው። በዚህ ሴሚስተር የኢኮኖሚክስ መምህራችን "ማንኛውም መኪና ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እየቀነሰ ይሄዳል" ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ዋጋዋ ሲወርድ ያየኋት አንዲት መኪና አለች፤ ያወረድነውም እኛ ነን።

ሁለት በር ያላት ቀይ የስፖርት መኪና ነበረች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት፣ አጎቴ አንድ ጠዋት መጥቶ "ተነሺ፣ ሱሉልታ እንሄዳለን" አለኝ።

"እኔ ምን ላደርግ ጋሼ?"

"መኪና የሚሸጥልን ሽማግሌ አማርኛ ብዙም አይሆንለትም። አንቺ ቋንቋውን ትችያለሽ፣ ፊትሽም ያሳምናል።"

እናቴ የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ስለሆነች ኦሮምኛ የወረስኩት ከእሷ ነው። አጎቴ የአባቴ ወንድም ነው፤ እዚህ ሃያ ዓመት ኖሮ እንኳ ከሰላምታ አያልፍም። መመረጤ ደስ አለኝ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ወጣሁ።

ሚኒባስ ውስጥ ስለ ስፖርት መኪና አስተማረኝ፤ እኔም በቁም ነገር ጻፍኩ። ባለ አራት በር መኪና ቢያረጅም ታክሲ ይሠራል፣ ቤተሰብ ይጭናል፣ ገዢ አያጣም። ባለ ሁለት በሩ ግን ሁለት ሰው ይዞ የአሥር ሰው ቤንዚን ይጠጣል። ሆዱ መሬት ስለሚነካ ኮብልስቶን ላይ ያቃስታል። መብራቱ ቢሰበር መለዋወጫው አይገኝም።

"የሚገዛው አንድ ሰው ነው" አለኝ። "ያ ሰው እስኪመጣ ድረስ ዋጋ የለውም። ሲመጣ ግን የጠራሽው ሁሉ ዋጋ ነው። የእኛ ሥራ ከዚያ ሰው ቀድሞ መድረስ ነው።"

ሽማግሌው ዝናብ እያካፋ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። "አካም ጅርቱ ኦቦ" ስላቸው ፊታቸው ፈካ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የእናቴን መንደር ስነግራቸው እጄን ያዙ፤ ከዚያ በኋላም "ኢንተላ ኮ" እያሉ ነው የጠሩኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

መኪናዋ ያለችው ላም በረት ውስጥ ነበር። ግራና ቀኝ ሁለት በሬዎችና አንድ አህያ ታስረዋል፤ መሀል ላይ እሷ አቡጀዲ ለብሳ ቆማለች። ሽማግሌው ጨርቁን ሲገልጡት እንደ ሙሽራ መጋረጃ ቀስ ብለው ነው። ቀዩ ቀለም ያብረቀርቃል። በየቅዳሜው ያጥቧታል።

"ፀሐይ ቀለሟን እንዳይበላው ብዬ ነው እዚህ ያስገባኋት" አሉኝ።

በረቱ የአሥራ አንድ ላም በረት ነው። አሥራ አንድ የተዳቀሉ ላሞች ነበሯቸው። ጎረቤታቸው ትንሽ መኪና ገዝቶ፣ ነድቶ፣ በእጥፍ ሲሸጥ አዩ። ላም ትታመማለች፣ ትሞታለች፤ መኪና ግን ቆሞ ይወልዳል ብለው አሰቡ። ላሞቹን ሸጡ። የትኛው መኪና እንደሚወልድና የትኛው እንደማይወልድ የነገራቸው የለም። ልጃቸው ቀይዋን መረጠ። ስምንት ወር ነዳት፤ ሆዷ በየጉድጓዱ ሲላጥ ተሰላቸና ለአባቱ ትቶ ገላን መጋዘን ተቀጠረ።

"አሁን ላሞቼን ነው የምፈልገው" አሉኝ። "አሥራ አንድ አላልኩም። ስድስት። የወተት ሰብሳቢው መኪና የስድስት ላም ወተት ከሌለኝ እስከ ደጄ አይገባም። እግሬ ደግሞ ወተት ተሸክሞ አስፋልት ድረስ መውጣት እምቢ ብሎኛል።"

በብር ሲነገራቸው ግራ ይገባቸዋል። "በላም ስንት ነው?" ይላሉ። እኔም የተዳቀለች ላም ዋጋ ከእናቴ ዘመዶች ጠይቄ፣ አጎቴ የሚለውን ብር ደብተሬ ላይ እያካፈልኩ በላም እነግራቸው ጀመር። እዚህ ላይ ጎበዝ ነበርኩ።

አጎቴ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና ዋጋ ጠራ። አካፈልኩት። ዘጠኝ ላም።

"ሰገል?" አሉ ሽማግሌው። ዘጠኝ ማለት ነው። የበሬውን ጀርባ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። አጎቴ ገዢው በሁለት ሳምንት ውስጥ ገንዘቡን ይዞ እንደሚመጣ በእኔ በኩል ነገራቸው። ቁጥሬንም ሰጠኋቸው።

ስንመለስ "ጋሼ፣ ገዢው ማን ነው?" አልኩት።

"የለም።"

"ታዲያ ዘጠኝ ለምን አልን?"

"ሌላ ሰው መጥቶ ሰባት ሲለው እንዲስቅበት። ከዚያ ዝም እንላለን። ዝም ስትይው ሰው በራሱ ይቀዘቅዛል።"

በዘጠነኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ቡራዩ አንድ ምግብ ቤት ከአጎቴ ጋር ምሳ እየበላን ነበር። ሽማግሌው ናቸው፤ ድምፃቸው ቸኩሏል። አንድ የሰበታ ሰው መጥቷል፣ ገንዘቡን ይዞ በራቸው ላይ ቆሟል። ሰውዬው የጠራላቸውን ብር ነገሩኝና "በላም ስንት ነው?" አሉ።

አካፈልኩት። "ሰባት ነው" አልኳቸው። አልዋሸሁም።

"ስድስት ነበር የምፈልገው" አሉ። "አንቺ ምን ትያለሽ፣ ኢንተላ ኮ?"

ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ለአጎቴ ነገርኩት። የጎረሰውን ሳይውጥ ራሱን ነቀነቀና ዘጠኝ ጣት አሳየኝ።

"ትንሽ ቀን ይታገሱ" አልኳቸው። "የእኛ ሰው ዘጠኝ ብሏል።"

በስልኩ ውስጥ የበሬ ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር።

"አንቺ ካልሽ" አሉና ዘጉት።

አጎቴ ጠረጴዛውን መታ። "ለዚህ ነው ያስተማርንሽ!" አለና ሁለተኛ ለስላሳ አዘዘልኝ። ሲያመሰግነኝ ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ከዚያ ዝም አልን። ሁለቱ ሳምንት አለፈ፤ ሌላም ሳምንት አለፈ። ሽማግሌው ሲደውሉ "ሰውዬው ታሟል"፣ "ሰውዬው መንገድ ሄዷል" እላቸዋለሁ፤ አጎቴ እንደሚነግረኝ እያፈራረቅሁ። አንድ ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ከገለባው አይጥ ገብታባት መሰለኝ፣ መብራቷ አልበራ ብሏል። ለአጎትሽ አትንገሪው፣ እኔ አሠራታለሁ" አሉኝ።

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ማታ ከመሆኑ በፊት ለአጎቴ ነገርኩት።

በሚቀጥለው ቀን አንድ የቡራዩ መካኒክ ይዘን ሄድን። መካኒኩ ጆንያ አንጥፎ መኪናዋ ሥር ገባና በካቻቢቴ ላሜራዋን ይኮረኩር ጀመር። የከብቱ ሽንት ከሥር በልቷታል። አንድ ቦታ ካቻቢቴው ገብቶ ቀረ።

"ይሄ ላሜራ ነው እንጀራ?" አለ ከሥር ሆኖ። "ዓይኑ ጥርት ብሏል!"

አጎቴ ሳቀ። መካኒኩ ወጥቶ ኮፈኑን ከፈተ። ሽቦዎቹ ተቀርጥፈዋል፣ ከባትሪው አጠገብ የአይጥ ጎጆ አለ።

"አባባ፣ ይህችን ስንት ሊትር ነው የሚያልቧት?" አለ ወደ ሽማግሌው ዞሮ። "ንገሪያቸው እንጂ" አለኝ።

ነገርኳቸው። የተባለውን ሁሉ ቃል በቃል ተረጎምኩ፣ ቀልዱንም። በትክክል መተርጎም ሥራዬ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሽማግሌው መጀመሪያ መኪናዋን፣ ከዚያ እኔን አዩ። ስለ አይጧ የነገሩኝ እሳቸው እንደሆኑ ሁለታችንም እናውቃለን።

"ፀሐይ እንዳይነካት ብዬ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

"ፀሐይ ይሻላት ነበር" አለ መካኒኩ፤ ይህንንም ተረጎምኩ።

"የሰበታው ሰውስ?" አልኳቸው። ደውለውለት ነበር። ሊያነሳላቸው አልፈለገም።

አጎቴ ብር ጠራ፣ አካፈልኩት፤ ሁለት ላም። ሽማግሌው ሁለት የሚለውን ቁጥር በአፋቸው ደጋገሙትና ግርግሙ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ ላሞቹ ይበሉበት የነበረው ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ቡራዩ ላይ አስቀድመን ተለማምደነው ነበር። አጎቴ "ሁለት ስል አንቺ ለምኚኝ" ብሎኛል። "ካለቀስሽማ በጣም ጥሩ።" አላለቀስኩም። ግን ድምፄን አንቀጥቅጬ፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ ሽማግሌው እንዲሰሙኝ በኦሮምኛ፣ "ጋሼ፣ እባክህ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ የእናቴ አገር ሰው ናቸው" አልኩት። አጎቴ ሰማይ ሰማይ አየ። ተነፈሰ። ቆቡን አወለቀ።

"ለዚህች ልጅ ስል" አለ። "ሦስት ላምና አንዲት ጊደር። ከዚህ በላይ ልጆቼ ምን ይበሉ?"

ሦስት ላምና ጊደር ጠዋት ከቡራዩ ስንነሳ የወሰነው ዋጋ ነው።

ሽማግሌው ሊብሬውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ፤ በላስቲክ ጠቅልለውታል። ለአጎቴ ሳይሆን ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ምርቃት መረቁኝ።

"ምን አሉ?" አለኝ አጎቴ።

"ምንም" አልኩት። ያን ክረምት ሳልተረጉም የቀረሁት እሱን ብቻ ነው።

መኪናዋን በገመድ ጎትተን ስናወጣት ሽማግሌው በረቱን መጥረግ ጀምረው ነበር፤ ለሚመጡት ላሞች። አስፋልት ስንደርስ መካኒኩ "ሞተሯ እንደ ሰዓት ነው" አለ። "ላሜራውና ሽቦው የአራት ቀን ሥራ ነው።" አጎቴም "ጮክ ብለህ አትናገር፣ ነፋስ ይወስደዋል" አለውና ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሥራው ሳምንት ፈጀ። ከዚያ አጎቴ ማስታወቂያውን እንድጽፍ ጠየቀኝ፤ አማርኛዬ ጥሩ ነው። ረቂቁን ሦስት ጊዜ አስተካከልኩት። "ሁልጊዜ ቤት ውስጥ የተቀመጠች፣ ፀሐይ ያልነካት፣ በአንድ አዛውንት እጅ በጥንቃቄ የተያዘች።" አንድም ውሸት የለበትም። በረቱ ሱሉልታ ላይ ዋጋዋን ጣለው፤ ቡራዩ ላይ መልሶ አነሳው።

ማስታወቂያው በወጣ በሁለተኛው ቀን የሰበታው ሰው መጣ። ለሠርግና ለቪዲዮ ቀረጻ መኪና የሚያከራይ ወጣት ነው። አጎቴ "የሚገዛው አንድ ሰው ነው" ያለኝ ያ ሰው እሱ ነበር። ገና ከበር ላይ አወቃት።

"ይህችን አውቃታለሁ! ሱሉልታ ሄጄ ሽማግሌው ከለከሉኝ። ተናድጄ ስልካቸውን እንኳ አላነሳሁም።"

"ዋጋዋን የሚያውቁ ሰው ናቸው" አለ አጎቴ።

የተከለከላት ስለሆነች ብዙም አልተከራከረም። በመጨረሻ የተስማሙበትን ብር ከልማድ ደብተሬ ላይ አካፈልኩት። ዘጠኝ ላም። አጎቴ ከትከሻዬ በላይ አየው።

"አየሽ?" አለኝ። "ዘጠኝ ብዬው ነበር። ዋሽቻለሁ?"

ከድርሻው ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ሻንጣ ገዛልኝ። ውጤቴ መጥቶ የተመደብኩት ሰሜን ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አውቶቡሱ በሱሉልታ ያልፋል። ከመሄዴ በፊት ባለው ሳምንት የእናቴ ዘመድ አንድ ጣሳ ቅቤ ይዛ መጣች። "ሽማግሌው ለልጅቱ ስጪልኝ ብለው ነው" አለች። "ላሞቼን ያስጨመረችልኝ እሷ ናት እያሉ ለሰው ሁሉ ያወራሉ።" ተቀበልኩ። አልመልሰውም፤ ብመልሰው ለምን እንደሆነ መናገር አለብኝ።

በመሄጃዬ ጠዋት ሱሉልታ ስንደርስ አውቶቡሳችን ቆመ። ከፊታችን የወተት ሰብሳቢው መኪና አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጭናል። ሽማግሌው እዚያ ነበሩ። ከቤታቸው እስከዚያ ድረስ ወተቱን በጄሪካን ተሸክመው መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ቦት ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ። በመስኮት አዩኝ።

"ኢንተላ ኮ!" ብለው ተነሡ። አጠገባቸው ለነበሩት ሰዎች በኩራት አመለከቱኝ። ከዚያ ሦስት ጣታቸውን ወደ ላይ ዘረጉልኝ፤ ሦስቱም ደህና ናቸው ለማለት።

እጄን አወዛወዝኩላቸው። ቅቤው እግሬ ሥር ሻንጣ ውስጥ ነበር።

"አባትሽ ናቸው?" አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት።

"የእናቴ አገር ሰው ናቸው" አልኳት።

የወተቱ መኪና ሲንቀሳቀስ እኛም ተከተልን። ሽማግሌው ድንጋዩ ላይ መልሰው ተቀመጡና እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ ቦት ጫማው ለማስገባት ይታገሉ ነበር።