ሆዷ ያልጎደለ አራስ

ጓደኛዬ ኮንጋ ላይ ወንድ ልጅ መውለዷን የነገሩኝ አማቷ ናቸው፤ ዲላ አጠገብ ጪጩ ገበያ መሀል፣ ጆሮዬን ጎትተው። «ወልዳለች። ለሰው እንዳትናገሪ።» ለእኔ እንዲህ ማለት ለጅብ ሥጋ አደራ መስጠት ነው። ግን ዘመኑ የአፈሳ ነበር፤ ጎረምሳ ጨው ሊገዛ ወጥቶ ወታደር ሆኖ የሚቀርበት። እኔ እንኳ ዝም ማለት ተምሬ ነበር።

በማግስቱ ከኅብረት ሱቅ ያገኘሁትን ስኳርና ሳሙና በነጠላ ቋጥሬ፣ ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ በጭነት መኪና ከጆንያ ጋር ተጭኜ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ሄድኩ። የኮንጋ ጭቃ የሌላውን ሰው ጫማ ይበላል፤ እኔን እስከ ጉልበቴ ነው የዋጠኝ። ትንሽ ብቆም ኖሮ በቅዬ ቡና አፈራ ነበር።

ግቢው ስደርስ ጓደኛዬ ከደጅ፣ እንሰቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሆዷ ግን ጉልበቷ ድረስ ተነፍቷል።

«አንቺ! አንዱን ወልደሽ ሌላ ደገምሽ እንዴ? ገበሬ ማኅበሩ ኮታ ጥሎብሽ ነው?»

አማቷ ከጓሮ ዘለው ቆጮ ቆጮ በሚል እጃቸው አፌን ከደኑት። «ዝም በል!» እማማ ሲደነግጡ ሁላችንንም ወንድ ያደርጉናል።

ጓደኛዬ ሳቋን እየዋጠች ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ሆዷ የባሏ አሮጌ ካፖርት ነው፤ ተጠቅልሎ በመቀነት ታስሯል። ሕፃኑ ጓዳ ተኝቷል።

በሹክሹክታ አስረዳችኝ። ባሏ ለውትድርና ስሙ ከተጠራ ጀምሮ ከላይ ጫካው ውስጥ ነው። አብዮት ጥበቃዎቹም ሞኝ አይደሉም፤ «ሚስቱ ትውለድ እንጂ በገዛ እግሩ ይመጣል» ብለው እልልታ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ልጁ ያለ እልልታ ተወለደ። እማማ ስንቅ ሲያደርሱ ለአባትየው ነግረውታል። ዛሬ አመሻሽ ላይ ልጁን ሊያይ ይወርዳል። ስምምነታቸው አጭር ነው፦ መንደሩ ዝም ካለ ይምጣ፤ እልልታ ከሰማ ግን ታውቋል ማለት ነውና ዝር እንዳይል።

«አንድ ጊዜ ታቅፎት ይመለስ» አለችኝ። «ሌላ አልፈልግም።»

ጓዳ ገባሁ። ልጁ ፊቱን እንደ ተቆጣ ዳኛ አጨማድዶ ተኝቷል። እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚባለውን በጆሮዋ ልነግራት ወደ ደጅ ልመለስ ስል ከውጭ ሳል ተሰማ። ጎረቤታቸው ናቸው፤ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ትልቅ ሰው።

«ይቺ ልጅ እስካሁን አልወለደችም?» አሉ፣ ጠመንጃቸውን እንሰቱ ላይ አስደግፈው።

«ጋሼ፣ ይሄ እርግዝናኮ የዝሆን ነው!» አልኩ እየሮጥኩ ወጥቼ። «እኔም ከዲላ ላዋልዳት ስመጣ መንገዱ እኔኑ ሊያስወልደኝ ነበር!»

ሳቁና ተቀመጡ። ይሄኔ ልጁ ጀመረ፤ መጀመሪያ እንደ ድመት፣ ቀጥሎ እንደ ሕፃን። እኔም ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ሾፌሩ ዳገት ላይ ሁላችንንም አውርዶ እንዳስገፋን፣ ስንገፋ መኪናው ንቅንቅ ሳይል ዳገቱ ወደ ኋላ እንደሸሸ፣ ዳገቱን ለመያዝ ሾፌሩ እየሮጠ እንደተከተለው ተረኩ። እማማ ከጓሮ ባዶ ሙቀጫ ይወቅጡ ጀመር፤ ዱግ፣ ዱግ። ሰውየው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ጓደኛዬ አልሳቀችም። ደረቷ ላይ እርጥበት ታየ፣ ሰፋ። ነጠላዋን ሳበች፤ ነጠላውም ረጠበ። ጆሮን በወሬና በሙቀጫ እናታልላለን፤ ልጁ ሲያለቅስ የሰማ ጡት ግን ምን ይደረጋል?

ሰውየው ዓይናቸው እዚያ አረፈ። ሳቃቸው ተቆረጠ። ጠመንጃቸውን አነሱ።

«አራስ ብርድ ላይ አይቀመጥም» አሉ ወደ ጓሮ ዞረው ለእማማ። «አስገቧት።»

ሄዱ። ወደ ቤታቸውና ወደ ገበሬ ማኅበሩ የሚወስዱት መንገዶች የሚለያዩት ከዋርካው ሥር ነው። እዚያ ሳይደርሱ እንሰቱ ጋረዳቸው።

«ጎረቤት ናቸው፤ አይናገሩም» አሉ እማማ፣ ዘነዘናውን እንደያዙ ከጓሮ ብቅ ብለው።

ጓደኛዬ ገብታ ካፖርቱን ከወገቧ ፈታች፤ ልጁንም አጠባች። ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ቀና ብላ «እልል በይልኝ» አለችኝ።

«ምን ነካሽ? ባይናገሩስ? በከንቱ ልታስቀሪው ነው!»

«ቢናገሩስ?»

«እንግዲያው ራስሽ በያ!»

«እኔ ከጀመርኩ አልቅሼ ነው የምጨርሰው። ተራራ የሚያሻግር ጉሮሮ ያለሽ አንቺ ነሽ። ዕድሜ ልክሽን ቀልደሽበታል፤ ዛሬ ለቁም ነገር አውይው።»

ዲላ ውስጥ ሰርግ ላይ እልል ስል ቆርቆሮ ይነሳል ይባላል። የምለው እኔ ነኝ። ደጅ ወጣሁ፤ ፊቴን ወደ ጫካው አዙሬ እልል አልኩ። ከእንሰቱ ማዶ አንዲት ሴት ተቀበለችኝ፤ ከእሷ በላይ ሌላዋ። እልልታው ከደጅ ወደ ደጅ እየዘለለ ዳገቱን ወጣ። ሁሉም ደስ ብሏቸው ነው እልል የሚሉት። እያንዳንዷ እልል ስትል ጫካ ያለውን አባት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የምትገፋው ይመስለኝ ነበር።

ሴቶቹ ቅቤና ቡላ ይዘው መጡ። የጥበቃው ሚስትም በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ መጣች። «እኛን ደግሞ መደበቅ ምንድነው?» ብላ ተቆጣች። ፊቷን አገላብጬ አየሁት፤ ከቁጣ በቀር ምንም የለበትም።

ያን ቀን አባትየው አልመጣም። ጠመንጃም አልመጣም። ሰውየው ሳይናገሩ ቀርተው ይሁን፣ ወይስ ተናግረው እልልታው ቀድሟቸው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጓደኛዬ ያን ማታ ልጁን በካፖርቱ ጠቅልላ ይዛ፣ እንግዶቹ «አባቱን አይመስልም?» እያሉ ሲከራከሩ እሷ በሩን ታይ ነበር።