ቀስት የተሠመረበት ድንጋይ

ክፍሏ አምስት እርምጃ በአራት ነበረች። የፊዚክስ መምህር ነኝና ገና ስገባ ለካኋት። የታሰርኩት ክረምቱ ሲገባ እንጅባራ ውስጥ ነው፤ ጥፋቴም ድንጋይ ነበር። ሥራዬ የማግኔት ጠባይ ያላቸውን ቁሶች ማጥናት ነው። ከጥርባ ሐይቅ አፋፍ ጥቁር ድንጋይ ስሰበስብ፣ ሰሜንን በኮምፓስ እያየሁ በእያንዳንዱ ላይ ቀስትና ቁጥር እጽፍ ነበር። ፍተሻ ላይ ሻንጣዬን የከፈቱት ሰዎች የምስጢር ምልክት መሰላቸው። አልፈርድባቸውም፤ ጊዜው ሰው ጥላውን የሚጠረጥርበት ነበር።

መርማሪው ማን እንደመራኝ ጠየቀኝ። ውጤት ያለ ሁለተኛ ምስክር አይታመንም እያልኩ ስንት ተማሪ አሰልችቻለሁ፤ እዚያም ይኸው ልማዴ መጣብኝ። አፋፉን ያሳዩኝን ሽማግሌ ገበሬ ስም ከነቀበሌያቸው ነገርኩት። እሳቸውን ጠይቁ፣ ይመሰክሩልኛል አልኩ። ሞኝነቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተከፈተና ሽማግሌው ገቡ። ጫማቸው ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። የዲከረንስ ችግኝ ሊተክሉ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ነው የወሰዷቸው፤ ከሰል የሚወጣው ከዚያ ዛፍ ነው፣ ኑሯቸውም ከከሰሉ። በክፍሉ ደንብ አዲስ ገቢ የሚቀመጠው ከሽንት ባልዲው አጠገብ ነው። ትናንት የእኔ የነበረውን ቦታ ያዙ፤ እንቀያየር ብላቸው እምቢ አሉ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታ ነበር። ሽማግሌው ከድንጋዩ ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ቋጥኙ ድሮ ቀልጦ ፈስሶ ሲበርድ የዚያን ጊዜውን ሰሜን በውስጡ ይዞ እንደሚቀር፣ ስንት ዘመን ቢያልፍም እንደማይለቅ ነገርኳቸው።

«ድንጋዩስ ይኼን ሁሉ ዘመን ይይዛል» አሉ። «አንተ ግን ልጄ፣ ስሜን አንዲት ቀን አልያዝህልኝም።»

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ» አልኩ።

 ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ አውጥተው አካፈሉኝ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ወረቀት አቀረበልኝ። ምልክቱን ያስጻፉኝ ሽማግሌው ናቸው ብዬ ብፈርም ወደ ቤቴ እንደምሄድ ነገረኝ። ብዕሩን ተቀበልኩና ከግርጌው፣ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው መንገድ ብቻ አሳዩኝ ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ስገባ በቀጥታ ባልዲው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ሽማግሌው አዩኝና ወደ ግድግዳው ተጠጉልኝ።

ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። ግን ክረምቱ ወጥቶ፣ ችግኙ ሳይተከል ደርቆ ጠበቃቸው። ያን ዓመት ማሳቸው ባዶውን ከረመ፤ በእኔ ምክንያት ነው።

ጥናቱ ሊታተም ሲል በባጃጅ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ምስጋናው ላይ ስምዎን ላስገባ ብዬ ፈቃድ ጠየቅኋቸው።

«ተወው ልጄ» አሉኝ። «ስሜን አንዴ ሰጥተኸዋል።»

ጽሑፉ ያለ ስማቸው ወጣ። እዚህም አልጠራሁትም።