ሎሚና አመድ የነካት የሮማ ተኩላ

ጠዋት 12፡15፣ ቦሌ

በአዲስ አበባ ምድር የሮማን የነሐስ ሳንቲም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እርግጥ በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የውሰት ነው። አሁን በመሐረብ ጠቅልዬ ለክርስትና እናቴ ለእትዬ ብዙነሽ ልመልስ ወደ ለሚ ኩራ ተነስቻለሁ። የአውሮፕላን መካኒክ የነበሩት ሟች ባላቸው፣ መንታ ልጆቻቸው በተወለዱ ሳምንት ከሮም ያመጡላቸው ነው። የእትዬ ዓይን ደክሟል፤ ሳንቲሟን የሚያዩዋት በአውራ ጣታቸው ነው። ሲያውሱኝ «እንደወሰድካት መልሳት» ብለውኛል። እኔ ግን አሳምሬያት ነው የምመልሰው፤ ከአውሮፕላን ላይ ትታያለች።

1፡00፣ ሲኤምሲ

የዓለም መኪና ግማሹ እዚህ ቆሟል። የተማሪ ሰርቪሶች፣ መስኮት ላይ የተለጠፉ የሕፃናት አፍንጫዎች፣ ጥሩምባ። ሥራ ከመፍታት ብዬ ሳንቲሟን ለባለታክሲው ለደሳለኝ ሰጠሁት። በአንድ ፊቷ የራስ ቁር የደፋች ሴት፣ በሌላው መንታ ሕፃናት የምታጠባ ተኩላ አለች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጅብ ነው።»

«ተኩላ ናት። ሮማን የቆረቆሩትን መንትዮች እያጠባች።»

«ታዲያ ሁለተኛው ልጅ የታለ?»

ተቀብዬ አየሁ። በአንደኛው ልጅ ቦታ የሚያብለጨልጭ ጉብታ ብቻ ቀርቷል። ከተኩላዋ በላይ የነበሩት ሁለት ኮከቦችም የሉም።

«በምን አጠቧት?»

«እንደ ነሐስ መስቀል ነዋ። በሎሚና በአመድ።»

«ውይ ጋሼ። አጎቴ አንጥረኛ ነው፤ የአሮጌ ነሐስ አረንጓዴው ቆዳው ነው ይላል። እርስዎ ገፈፏት።»

ለሚ ኩራ እስክንደርስ ሳንቲሟን በመሐረቤ ስጠቀልልና ስፈታ ቆየሁ።

2፡10፣ ለሚ ኩራ

የሲሚንቶ አቧራ፣ የባሕር ዛፍ መወጣጫ፣ ያልተለሰነ ፎቅ በያለበት። አራተኛ ፎቅ እያለከለክሁ ወጣሁ። ቤቱ ቅቤ የጠጣ ቅንጬ ይሸታል። እትዬ ጉንጬን ስመው መዳፋቸውን ዘረጉ። አውራ ጣታቸው ከተኩላዋ ሆድ ሥር ዞረ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ዞረ።

«አንደኛው ልጄ የት ሄደ?»

«ባለቤቴ ናት፣ እትዬ። እኔ ሳላውቅ አጥባት ነው።»

ቅንጬውን በሳህን አቀረቡልኝ።

«ትናንት ደውላልኝ ነበር፤ ‹ተው ብለው እምቢ አለኝ› እያለች አለቀሰች። ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።»

በላሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የፈተግኳት እኔ ነኝ። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ጥፋቴን በሚስቴ ያላከክሁትም እኔው ነኝ።