ድራፍት የገባበት ቤት

ዘውዱ ኃይሌ የአሜሪካን ፉትቦል የወደደው ቁርጭምጭሚቱ ስለተሰበረ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ በገቡበት ዓመት፣ ኖቬምበር ላይ፣ ፓይንሪጅ ሰፈር ካለው ቤታቸው ደጃፍ በረዶ አንሸራቶ ጣለው። የሚሠራበት የመስኮት ፋብሪካ ዕረፍት ሰጠው። ሚስቱ ሸዋወርቅ ቤዝመንት፣ ከምድር በታች ካለው ክፍል፣ ሶፋ ላይ አጋድማ፣ እግሩን በትራስ ከፍ አድርጋ፣ ቴሌቪዥኑን ከፈተችለትና ወደ ሥራዋ ሄደች። ሪሞቱን ግን ከቴሌቪዥኑ አናት ላይ ረስታው ነበር። ቻናሉ ከድንበር ማዶ፣ ከአሜሪካዋ ስፖኬን ከተማ የሚመጣው ነው፤ ቀኑም ቅዳሜ።

ዘውዱ ቀኑን ሙሉ የኮሌጅ ፉትቦል አየ። መጀመሪያ ፀብ መስሎት ፖሊስ እስኪመጣ ጠበቀ። ቆይቶ ግን ሰዎቹ ከወደቁበት እየተነሱ በሥርዓት እንደሚሰለፉ፣ ተሰልፈውም እንደገና እንደሚላተሙ፣ ባለ መስመር ሸሚዝ የለበሰው ሰውዬ ደግሞ ይህን ሁሉ እያየ ቆሞ ጊዜ እንደሚቆጥር አስተዋለ። ሥርዓት ያለው ነገር ደስ ይለዋል። እግሩ ድኖ ወደ ሥራ ሲመለስ፣ ከፋብሪካው ካናዳውያን ጋር እኩል የሚከራከር ሰው ሆኖ ነበር። አዲስ አበባ ሳለ ዝናብ እየደበደበው ስታዲየም የሚቆም የጊዮርጊስ ደጋፊ ነበር፤ ያንን ልቡን እንዳለ አንስቶ ደጁን ረግጦት ለማያውቀው ለአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ሰጠው። ኮሌጁን የመረጠው የስፖኬን ቻናል ሌላ ስለማያሳየው ነው።

ወዳጁ ደርበው እዚያው ፋብሪካ መስታወት ቆራጭ ነው። በአንድ ሺፍት፣ በአንድ ፈረቃ፣ ይሠራሉ። ደርበው ጴንጤ፣ ዘውዱ ኦርቶዶክስ ሆነው ሳለ ስለ ሃይማኖት አንድም ቀን ተነካክተው አያውቁም፤ ለፀብ የሚሆን ሌላ ጉዳይ ነበራቸዋ።

ጉዳዩ ይህ ነው። ኮሌጅ አራት ዓመት ነው። ጎበዝ ተጫዋች ግን ሦስተኛውን ዓመት እንደጨረሰ ትምህርቱን ጥሎ፣ ፕሮፌሽናል ቡድኖች በየተራ ተጫዋች ወደሚመርጡበት መድረክ መግባት ይችላል። ያንን ምርጫ ድራፍት ይሉታል። ዘውዱ መማር አለበት ባይ ነው፤ ደርበው መውጣት አለበት ባይ።

“ዲግሪ ማለት ዲግሪ ነው” ይላል ዘውዱ። “ጉልበቱ ሲያልቅ ምን ሊበላ ነው?”

“ጉልበቱማ ኮሌጅም ሆኖ ያልቃል! በነጻ ሲላተም ቢሰበርስ? ያንተን ቁርጭምጭሚት ረሳኸው?”

“እኔን በረዶ ነው የጣለኝ።”

“እሱን ደግሞ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሰው ነው የሚጥለው።”

ክርክሩ በየዓመቱ ጃንዩወሪ ላይ፣ ተጫዋቾች የሚወስኑበት ጊዜ ሲደርስ ይጋጋላል። በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት ግን ከመስመር አለፈ። የዘውዱ ኮሌጅ ሃያ ሁለት ቁጥር፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ልጅ፣ ገና ሦስተኛ ዓመት ነው። ይውጣ ወይስ ይቅር? ደርበው ማታ ማታ ፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር ካለው ቤቱ ስልክ እየደወለ ይጮህ ጀመር።

“ድራፍት ይግባ አልኩህ!” አለ አንድ ምሽት። “ሌላው ሁሉ ገብቶ የለ እንዴ! በል ድራፍቱን ቅዳሜ አንተ ቤት እንጨርሰዋለን።”

የደርበው ሚስት ጥሩወርቅ ሳሎን ልብስ ታጥፍ ነበር። ጥሩወርቅ የፒያሳ ልጅ ናት። የፒያሳ ልጅ ድራፍት ሲባል በብርጭቆ የሚቀዳ፣ አረፋ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው የምታውቀው። ባሏ ጌታን ከተቀበለ ጀምሮ ቢራ በከንፈሩ አልደረሰም። ልብሱን አጥፋ ጨረሰችና በማግስቱ ለቸርቹ ሽማግሌ፣ ለጋሼ ወልደየስ ደወለች።

ጋሼ ወልደየስ ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ከዚያም ቀስ ብለው የሚናገሩ አዛውንት ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው የዘውዱን በር አንኳኩ። ሸዋወርቅ ከፈተች።

“ወንድም ደርበው እዚህ ነው?”

“ታች ናቸው ጋሼ። ይግቡ፣ በረዶው ላይ አይቁሙ።”

“ከመቼ ጀምሮ ነው ታች የሆኑት?”

“ከጠዋት ጀምሮ።”

ጋሼ ወልደየስ በረጅሙ ተነፈሱ። “ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?”

“ቅዳሜ ቅዳሜ። በዚህ ወር ይብስባቸዋል።”

“አንቺስ ዝም ትያቸዋለሽ?”

“ሲጮሁ በሩን እዘጋዋለሁ” አለች ሸዋወርቅ።

ሽማግሌው የቤዝመንቱን ደረጃ በጸሎት ወረዱ። ዘውዱና ደርበው ደንግጠው ተነሱ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻይና አንድ ሳህን ዳቦ ቆሎ አለ። ጋሼ ወልደየስ አንዱን ብርጭቆ አንስተው አሸተቱት። ቅርንፉድ ነው የሸተታቸው። መልሰው አስቀመጡት።

“ድራፍቱ የታለ?” አሉ።

“ድራፍቱ እንኳ ኤፕሪል ላይ ነው ጋሼ” አለ ደርበው።

“እስከዚያስ?”

“እስከዚያ መወያየት ነው።”

ነገሩን ለማስረዳት ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ ሁለቱም ለማስረዳት ስለተሻሙ። ደርበው ሽማግሌውን የላከችው ጥሩወርቅ እንደሆነች ወዲያው ገባውና ፊቱ ቀላ። ጋሼ ወልደየስ ግን ሶፋው ላይ ተደላድለው ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲጨርሱ ጠየቁ።

“ልጁ እናት አለችው?”

“አለችው” አለ ዘውዱ።

“ምን ትላለች?”

ሁለቱ ተያዩ። ይህን ያህል ዓመት ሲከራከሩ ጥያቄው ተነስቶ አያውቅም። “በቲቪ አላናገሯትም” አለ ዘውዱ።

“ልጁ ራሱስ?”

“ከቤተሰቡ ጋር እየተማከርኩ ነው ብሏል።”

“ከእናንተ ጋር ግን አልተማከረም።”

“አልተማከረም” አለ ደርበው።

በዚህ መሃል ሸዋወርቅ ለጋሼ ሻይ ይዛ ወረደች። ወትሮ ሻዩን አስቀምጣ ትመለሳለች። ዛሬ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

“ጋሼ፣ መምጣትዎ ካልቀረ እኔም የማማክርዎ ነገር አለ” አለች። “ነርሲንግ እየተማርኩ እንደሆነ ያውቃሉ። የሚያልቀው የዚህ አገር በጋ ሲገባ ነው። አሁን ፕራክቲስ የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ‘ትምህርቱን ተይውና በረዳትነት እንቅጠርሽ፤ ቋሚ ነው፣ የቀን ሺፍት ነው፣ ከአሁኑ ጀምሪ’ ብለውኛል።”

“ያዢዋ!” አለ ዘውዱ።

አፉ ከልቡ ቀድሞ ነው የተናገረው።

“እንዴት ትያዝ?” አለ ደርበው። “ጨርሳ ትያዝ እንጂ! ወረቀቱ ከሌላት ዕድሜዋን ሙሉ ረዳት ሆና መቅረቷ ነው።”

“ቋሚ ሥራ እኮ በየቀኑ አይገኝም! እስክትጨርስ ሐሳባቸውን ቢለውጡስ? ወገቧንስ ቢያማት?”

“ወገቧን ቢያማት ነው ወረቀቱ የሚያስፈልጋት!”

ሸዋወርቅ ፊታቸው ተቀምጣ “እሷ፣ እሷ” እያሉ ይነታረካሉ። ጋሼ ወልደየስ እጃቸውን አነሱ።

“ዘውዱ፣ ቅድም ትምህርቱን ይጨርስ ስትል የነበርከው አንተ አይደለህም?”

“እሱ ተጫዋች ነው ጋሼ።”

“እሷስ?”

“እሷ ሚስቴ ናት።”

ሸዋወርቅ ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ዘውዱ እራቱን ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው የሚበላው። እሷ የምግብ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ዘርግታ የአጥንት ስም በእንግሊዝኛ ትደግማለች፤ እሱ ከሶፋው ሆኖ ይሰማታል። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ሲጠብቃት፣ እሱ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሆዷን ይዛ እየሳቀች ከኮሌጁ በር ስትወጣ አይቷታል። ምን እንዳሳቃት ጠይቋት ስትነግረው እሱን አላሳቀውም። ያዢዋ ያለው ለሥራው አልነበረም። ቤቱ እንደ ድሮው እንዲሆንለት ነው። ይህ ገባውና ዓይኑን ወደ ዳቦ ቆሎው መለሰ።

“አንቺስ ምን ትያለሽ?” አሉ ጋሼ ወልደየስ።

“እኔማ ሐሙስ ዕለት መልሼላቸዋለሁ። እጨርሳለሁ ብያቸዋለሁ።”

“ታዲያ ምን ልታማክሪኝ ነበር?”

“ለዘውዱ እንዴት እንደምነግረው ነበር ጋሼ። በቃ፣ አሁን ሰማ።”

ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ሰው ስለ መኪና ጎማ እያወራ ነበር። ዘውዱ ተነስቶ አጠፋው።

“ለምንድነው እምቢ ያልሻቸው ሸዋዬ?” አላት። ይህኛው ክርክር አልነበረም።

“ክፍሉ ደስ ይለኛላ” አለች። “እናቴ የሞተች ጊዜ ከዘጠነኛ ክፍል ነው ታናናሾቼን እንዳሳድግ ያስወጡኝ። ልውጣ ወይ ብዬ የጠየቅሁት ሰው የለም፣ ትውጣ ወይ ብሎ የጠየቀኝም የለም። አሁን ፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። መምህሯ ስትጠይቅ እጄን አወጣለሁ። ስሳሳትም አወጣለሁ።”

ደርበው፣ “ይገርማል፤ ኮሌጁ ደስ ብሎት የሚቀር ተጫዋችም ይኖራል ማለት ነው” አለ። ሁለቱም ይህን ነጥብ አንስተውት አያውቁም።

ጋሼ ወልደየስ ጸልየው ሄዱ። ለጥሩወርቅ ደውለው ባሏ ሻይ ብቻ እንደሚጠጣ፣ ጭንቅላቱ ግን ለጊዜው ጤነኛ እንዳልሆነ ነገሯት። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ወልደየስ ናቸው፤ መጽሐፍ ቅዱስ አልያዙም።

“ያ ልጅ ምን ወሰነ?” አሉ።

ልጁ ወጣ። ኤፕሪል ላይ ሦስቱ ተቀምጠው ስሙ እስኪጠራ ጠበቁ። መጀመሪያ አካባቢ ይጠራል የተባለው ልጅ፣ ሕዝቡ ተበትኖ የድራፍቱ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ብቻ ሲቀር ተጠራ። ደርበው “አላልኩህም? ተመረጠ!” አለ። ዘውዱ “አላልኩህም? መጨረሻ ሆነ!” አለ። ጋሼ ወልደየስ ስለ እናቲቱ ጠየቁ። አሁንም አላሳዩአትም።

ሸዋወርቅ በበጋው ጨረሰች። በምረቃው ቀን ዘውዱ የመስኮት ፋብሪካውን ፈረቃ ለውጦ፣ ሱፉን ለብሶ፣ ስሟ ሲጠራ ስታዲየም እንዳለ ሰው ጮኸ። ከፊቱ የተቀመጡት ሴትዮ ዞረው አዩት። አላፈረም። አብረዋት ስትስቅ ያያቸው ተማሪዎች መጥተው ሲጨብጡት ስማቸውን አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ማታ መኪና ውስጥ ደገመላት፤ ግማሹን ተሳስቶ ነበር፤ እያረመችው ገቡ።

ያው የአረጋውያን ቤት በነርስነት ቀጠራት። የቀኑ ሺፍት ግን ተይዞ ስለነበር ቅዳሜና እሑድን ሰጧት። ስለዚህ ቅዳሜ ምሳ የሚሠራው ዘውዱ ሆነ። የመጀመሪያውን ቀን ምስር ወጥ ሠርቶ ጨው አበዛበት። ጋሼ ወልደየስ ደጋግመው ውሃ ጠየቁ። ደርበው ኤሪን ውድስ በሚባል ሰፈር ስለገዛው አዲስ ቤት እያወራ ሳያስተውል በላው።

ሸዋወርቅ ከሥራ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ከድስቱ ቀመሰች።

“ማነው የሠራው?”

“እኔ።”

ውሃ ጨምራ ምድጃው ላይ መለሰችውና ሁለት ሳህን አወጣች።