ግመል የገጨችው ባቡር ጡሩምባ

የባቡር ጡሩምባ ናፍቆት ይቀሰቅሳል ይባላል። አይቀሰቅስም። የሚቀሰቅሰው ጠብ ነው። ስለ ባቡር የሚጽፉ ሰዎች አስቀድመው የተማከሩ ይመስል፣ ጡሩምባው ከሩቅ ሲሰማ ሆድ ይባባል፣ እናት ትታወሳለች፣ አንዲት ሴትም መሀረብ ታውለበልባለች ይላሉ። ብዙውን አንብቤዋለሁ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ እንኳ ሁለት የጡሩምባ ወዳጆችን በአንድ ጠላ ቤት አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ያየ አይመስለኝም። እኔ አይቻለሁ። ያየሁትም ሐዲድ በሌለበት፣ ገደሉን ላየ ሰው ሊዘረጋም በማይችልበት፣ በመንዝ ነው።

በደርግ ጊዜ መሐል ሜዳ አስተማሪ ነበርኩ። የተወለድኩት እዚያው ደጋ፣ ራቤል ስለሆነ ብርዱ አልከበደኝም፤ የከበደኝ ዝምታው ነበር። ጎማ ያለው ነገር ድምፅ የሚሰማው ከደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሲመጣ ብቻ ነው፤ አውቶቡሱ ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ አይመጣም። እንዲህ ባለች ከተማ ውስጥ ነው አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሹፌር ከድሬዳዋ ተመልሰው የአባታቸው ቤት የገቡት። በበርኖስ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ያቀፉት ቴፕ ነበር። በቴፑ ውስጥ አንድ ካሴት፣ በካሴቱ አንድ ጎን ላይ የዘጠኝ ባቡሮች ጡሩምባ ነበር። ራሳቸው ናቸው የቀዱት፤ ጡረታ በወጡ ማግስት፣ ከጣቢያው ወጣ ብለው፣ መታጠፊያው ላይ ቆመው፣ ባቡሮቹ በየተራ ሲያልፉ።

ዘፈን የለበትም። ንግግር የለበትም። ዘጠኝ ጊዜ ይጮሃል፣ ያበቃል።

ከዘጠኙ የመጨረሻዋ የራሳቸው ነበረች፤ ብዙ ዓመት የነዷት። «እሷ» ነበር የሚሏት፤ ሚስታቸውን ግን «ያቺ» ይሉ ነበር። አንድ ቀን በረሃ ላይ ግመል ገጨች። ግመሉ ሞተ፤ የጡሩምባዋ አንደኛው አፍ ተጣመመ። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ በደንብ ይነሣና መጨረሻው ላይ እንደ ጎረምሳ ልጅ ድምፅ ስንጥቅ ብሎ ይወድቃል። ጋራዡ ሊቀይርላቸው ሲል እምቢ አሉ።

«ለምን እምቢ አሉ ጋሼ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዘጠኙም አንድ ዓይነት ከጮሁ የእኔን ማን ይለያታል? የጣቢያው ሴቶች ሽንኩርት እየሸጡ ቀና ሳይሉ ‹የመንዙ ሰውዬ መጣ› ይላሉ። ይኼን በአዲስ ጡሩምባ ልቀይር?»

ችግሩ ጆሯቸው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ከጡሩምባው ሥር ተቀምጠው ቀኙ ሞቷል። ሐኪሙ ግራውም ይከተላል ብሏቸዋል፤ መቼ እንደሆነ ግን አልነገራቸውም።

«ግራው ሳይሄድ እሷን ጠግቤ ልስማት» አሉኝ። «ሌላ ከእግዜር የምለምነው የለኝም። ካሴቱ ካለ አለሁ።»

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ወዳለችው ጠላ ቤት ይመጣሉ። ባትሪ ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ አሙቀው ይከታሉ፤ ያሰማሉ። መጀመሪያ ሰው ሳቀባቸው። በሁለተኛው ሳምንት ምርጫ ያዘ። አንዱ አራተኛዋን፣ ሌላው ሰባተኛዋን። በገበያ ቀን ከዘመሮ ሙክት ሊሸጥ የመጣ ገበሬ ሰባተኛዋን ሦስት ጊዜ አስደግሞ ሰማና «ይቺ ከብት ብትሆን ዛሬ ይዣት እገባ ነበር» ብሎ ሄደ። አራተኛዋ ትበልጣለች በሚሉና ሰባተኛዋ ትበልጣለች በሚሉ መካከል አንድ ጠርሙስ ተሰበረ። ከሁለቱ ወገን ባቡር ያየ ሰው አንድም አልነበረም።

ነገሩ የተበላሸው መሪጌታ የመጡ ዕለት ነው። መሪጌታና ሹፌሩ በልጅነታቸው አንድ ላይ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ሹፌሩ ጾመ ድጓውን ሳይጨርሱ ወደ ባቡር ኮበለሉ፤ መሪጌታ ጨርሰው የዜማ መምህር ሆኑ። አንዳቸውም ሌላውን በዚህ ይቅር አላሉም።

«ምንድን ነው የሚያገሣው?» አሉ መሪጌታ ከደጅ።

«ባቡር ነው፣ አንተ ደብተራ። ግባና ተማር።»

መሪጌታ ገቡ፣ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የመጀመሪያዋ አለፈች።

«ግዕዝ» አሉ፣ የዜማዋን ስልት ሲለዩ።

ሁለተኛዋ አለፈች።

«ይቺም ግዕዝ፤ ግን ጉንፋን ይዟታል።»

ሦስተኛዋ ስታልፍ ዓይናቸውን ገለጡ። «ዕዝል! በስመ አብ፣ ይቺን ማን አስተማራት?»

ጠጪዎቹ ተጠጉ። ሹፌሩ በኩራት አብጠው ነበር። ሰባተኛዋ አራራይ ተባለች፤ ወዳጆቿም አጨበጨቡላት። በመጨረሻ እሷ መጣች፤ ተነሣች፣ ተሰነጠቀች፣ ወደቀች።

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተሳስታለች።»

«አልተሳሳተችም። ግመል ገጭታ ነው።»

«ግመል የገጨም ቢሆን እንዲህ አይወድቅም። ከመነሻው ደግማ ትበል።»

«ባቡር ናት እኮ! ተማሪህ አደረግሃት?»

«ተማሪዬ ብትሆን እስካሁን አቃንቻት ነበር።»

ለአምስት ቀን አልተነጋገሩም። በስድስተኛው ቀን መሪጌታ ደብተር ይዘው መጡ። ያለ ፊደል የዜማ ምልክት አይጣልምና፣ ባቡር ደግሞ ቃል የላትምና፣ በየመስመሩ «ሆ፣ ሆ፣ ሆ» ብለው ጻፉ፤ ከሆው ራስ ላይ ድፋቱን፣ ቅናቱን፣ ርክርኩን በቀይ ቀለም ጣሉበት። ሳምንት ፈጀባቸው። ሹፌሩ እያጉረመረሙ ካሴቱን ደጋግመው አሰሟቸው። ሁለቱን ሽማግሎች እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም፤ ሲሰዳደቡ ነበር የዋሉት።

አሁን የእኔ ኃጢአት ይመጣል።

የትምህርት ቤቱ የኪነት ቡድን ኃላፊ ነበርኩ። የተመረጥኩት ስብሰባ በቀረሁበት ቀን ነው፤ ያኔ ብዙ ሰው ለኃላፊነት የሚበቃው እንደዚያ ነበር። የአውራጃ ውድድር መጣና መዝሙራችሁን በካሴት ቀድታችሁ አቅርቡ ተባልን። ቴፕ የለንም፣ ካሴት የለንም። ሹፌሩን ለመንኳቸው።

«ባዶው ጎን ላይ ቅዳ» አሉኝ። «በእሷ ጎን እንዳትመጣብኝ። ለነገሩ ጥርሱን ሰብሬዋለሁ፤ ብትፈልግም አይቀዳልህም።»

ካሴት ከጀርባው ሁለት ትናንሽ ጥርሶች አሉት። የአንዱ ጎን ጥርስ ከተሰበረ የቴፑ መቅጃ ቁልፍ በዚያ ጎን አይወርድም። እኔ ልጆቹን ሳለማምድ ካሴቱን አገላበጥኩት፤ የቱ ጎን ላይ እንዳለሁ ጠፋኝ። ቁልፉን ተጫንኩ፣ እምቢ አለ። ያልተማረ ሰው ቢሆን ማሽኑ እምቢ ያለው በምክንያት ነው ብሎ ይተው ነበር። እኔ ግን የተማርኩ ነኝ። ወረቀት አኝኬ ቀዳዳውን ደፈንኩት። ቁልፉ ወረደ። ብልሃቴን ልጆቹ ሳይቀሩ አደነቁልኝ። ከዚያም ሠላሳ ተማሪ በሙሉ ጉሮሮው ስለ እርከን ሥራ ዘመረበት።

ያወቅሁት ካሴቱ ከውድድር ተመልሶ ሳዳምጠው ነው። የመለስኩላቸው ቀን ለሹፌሩ ምን እንደምላቸው በመንገዴ ሁሉ አጥንቼ ነበር፤ ስደርስ ጠፋብኝ።

«ጋሼ፣ በእሷ ጎን ነው የቀዳሁት።»

ግራ ጆሯቸውን አዞሩልኝ። «ምን?»

ደግሜ ጮኼ ነገርኳቸው። ጠላ ቤቱ ሁሉ ሰማ።

ካሴቱን ተቀብለው አገላበጡት። «በምን ነው የቀየርካት?»

«በእርከኑ መዝሙር።»

«አሸነፋችሁ?»

«ሦስተኛ ወጣን።»

«ከስንት?»

«ከሦስት።»

«አይ የሰው ልጅ!» አሉና ጋቢያቸውን አጣፉ። «ቢያንስ አንደኛ ብትወጣ ምን ነበረበት?»

ካሴቱን ከዳር እስከ ዳር ሰማነው። ከመዝሙሩ ጭብጨባ ቀጥሎ አንድ ጡሩምባ ተርፎ ነበር። ሹፌሩ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ነበር፤ ሰምተው ተቀመጡ። የስምንተኛዋ ነበር፤ ለዓመታት ሰላም የማይባባሉት የአንድ ሌላ ሹፌር ባቡር። እርከኑ ዘጠነኛዋን የበላው ልጆቹ ቀደም ብለው ለማሟሟቂያ ሲዘምሩ መሆን አለበት፤ ከየት ጀምሬ እስከ የት እንደቀዳሁ እኔም አላውቅም።

«ከዘጠኙ ይኼን ውሻ አተረፍክልኝ» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱ። «ምን ያስጮኻችኋል? ተጽፏል እኮ! በቃልም ተይዟል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢዬ ኑ።»

እሑድ ሄድን። ሕዝቡ ከጠላ ቤቱ የመጣ ነው፤ የአራተኛዋ ወገን በአንድ በኩል፣ የሰባተኛዋ ወገን በሌላ በኩል ቆመ። መሪጌታ ጢማቸው የሸበተ አራት የድጓ ተማሪዎች ከጽዱ ሥር አቁመዋል። ሹፌሩን ወንበር አቀረቡላቸው፤ ሹፌሩ ግራ እጃቸውን ከግራ ጆሯቸው ኋላ አደረጉ።

የመጀመሪያዋን አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። አምስት ሰው በሆ ብቻ አንድ ባቡር አመጣ። ሹፌሩ «እሺ» አሉ። ሁለተኛዋን ከነጉንፋንዋ አሉ። ሹፌሩ ሳቁ። ሦስተኛዋ ላይ አንድ ሽማግሌ አማተበ። ሰባተኛዋ ስትባል ወገኖቿ እልል አሉ፤ መሪጌታ ተቆጥተው ዝም አሰኟቸው። ስምንተኛዋ ላይ ሹፌሩ ሆን ብለው ሳሉ።

ዘጠነኛዋ መጣች። ተነሣች፣ ከፍ አለች፣ ዞረች፣ ሳትሰነጠቅ፣ ሳትወድቅ፣ ልክ እንደ በዓል ወረብ አምራ ቆመች።

ሹፌሩ እጃቸውን ከጆሯቸው አነሡ። «ይቺ የማን ናት?»

«ያንተ ናት» አሉ መሪጌታ። «ታርማ።»

«ማን አርም አለህ?»

«ስሕተት ለተማሪ አይሰጥም። ሲጻፍ ነው ያቃናሁት። ምን ላድርግ፣ ከነወልጋዳዋ ለትውልድ ላስተላልፋት?»

«አዎ! ከነወልጋዳዋ! የእኔ እኮ ወልጋዳዋ ናት!»

የመሪጌታ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ያኔ የገባቸው ይመስለኛል። ደብተሩን ገለጡ፤ የጻፉት የታረመውን ብቻ ነበር። ተማሪዎቹን ጠየቁ፤ ተማሪዎቹ ያወቁት ያስተማሯቸውን ነው። «ቆይ» አሉ ለሹፌሩ፣ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብለው። «እኔ ሰምቻታለሁ። እንደወደቀች እላታለሁ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጀመሩ። መጨረሻው ላይ ሊጥሉት ሲሉ ድምፃቸው በራሱ ተነሥቶ ቦታው ላይ ገባ። ሁለተኛ ሞከሩ፤ ከፊተኛው ይልቅ አማረ። ሦስተኛ ሲሞክሩ አላባቸው፤ አንገታቸውን አጣመሙ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ቀኝ ጉንጫቸውን በጣታቸው ጫኑ። ንጹሕ ወጣ። ዕድሜ ልካቸውን ስሕተት ሲያቃና የኖረ ጉሮሮ መሳሳት ተከለከለ። ሕዝቡ ይስቅ ነበር፤ እኔም ስቄያለሁ።

«እምቢ አለኝ» አሉ መሪጌታ። «ይቅር በለኝ፣ አንተ ከብት።»

«አንተ ምን ታደርግ» አሉ ሹፌሩ። «ጥፋቱ የዚህ የተማረ ነው።» ወደ እኔ ጠቆሙ።

ሹፌሩ ራሳቸው እንዳይሏት የፊት ጥርሳቸው የለም፤ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አይወጣም። እኔ ሞከርኩ፤ የታመመች ላም መሰለች አሉኝ። የጠላ ቤቱ ሰው ሁሉ በየተራ ሞከረ፤ ለወር ያህል መሐል ሜዳ በየማዕዘኑ የሚያቃስት ሰው አይጠፋባትም ነበር። ሹፌሩ ሁሉንም በትዕግሥት እየሰሙ «አይደለችም» ይላሉ። ድሬዳዋ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ ባቡሯ ሥራ ማቆሟን የሚገልጽ መልስ መጣ። ጡሩምባዋ የት እንደደረሰ የሚያውቅ አልተገኘም።

መሪጌታ አርፈዋል። ሹፌሩ አሁንም አሉ። በጣም አርጅተዋል፤ ግን ሐኪሙ እንዳለው አልሆነም፤ ግራው ጆሮ እየደከመም ቢሆን ይሰማል፤ ተጠግቶ ለጮኸበት ሰው ይመልሳሉ። በሄድኩ ቁጥር «አገኘህ?» ይሉኛል። ሌላ ነገር አይጠይቁኝም። እኔም ባለፈው ፋሲካ «የለም» ስላቸው፣ «ከሰው ዘንድ አለች፤ ድምፅ ዝም ብሎ አይጠፋም» አሉኝ። በፊዚክስ ልከራከራቸው ስል ትቼ ይኼን ጽሑፍ ጀመርኩ።

ስለዚህ አንተን ልጠይቅህ፣ አንቺንም። በዚያ ዘመን ከሐዲዱ አጠገብ ኖራችሁ የሠርግ፣ የልደት ወይም የልጅ ወሬ በቴፕ ከቀዳችሁ፣ ከጫጫታው ኋላ ባቡር ሳያልፍ አይቀርም። ሣጥናችሁን ክፈቱና ስሙት። ደህና ተነሥታ መጨረሻዋ ላይ የምትሰነጠቅ ጡሩምባ ካገኛችሁ ካሴቱን ስጡኝ። ቅጂ ሠርታችሁ ሳይሆን፣ አጽድታችሁ ሳይሆን፣ እንዳለ። በዚህ ሳምንት ስጡኝ፤ ግራው ጆሮ ገና ይሰማል።