ሰርጉ በአንድ ዲቪዲ

ባለፈው ፋሲካ የእናቴን ሳጥን ሳራግፍ ከነጠላዎቹ ሥር ያቺ ዲቪዲ ወጣች። ላይዋ ላይ በሰማያዊ ቀለም «የትርንጎ ሰርግ» ተብሎ ተጽፏል። አሁን እሷን የሚያጫውት ዕቃ ቤታችን የለም፤ የነበረው ከተበላሸ ቆይቷል። እኔ ግን ገና ሳያት ያ የድሮው ነገር ደረቴ ውስጥ ቆነጠጠኝ። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ደብረ ማርቆስ ያደጋችሁ እኩዮቼ፣ የሰርግ ቪዲዮ ማየት ከሰርጉ ያላነሰ ወግ የነበረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ።

ልጅ እያለሁ ዓይን አፋር ነበርኩ። እንግዳ ሲመጣ ከበር ጀርባ እገባለሁ፤ አስተማሪ ስሜን ሲጠራ «አቤት» የምለው ለራሴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነበር። አንድ ነገር ግን እችል ነበር፤ እስክስታ። ለታላቅ እህቴ ለትርንጎ ሽማግሌ ከተላከ ጀምሮ ከማጀቱ ጀርባ፣ ገለባ ከተከመረበት ቦታ፣ ተደብቄ እለማመድ ነበር። የሚያውቅብኝ ሰብለ ብቻ ናት። ሰብለ የአጎቴ ልጅ ናት፣ እኩያዬ። ደፋር ነበረች፤ ትከሻዋ ግን አይታዘዝላትም፣ እጇን ብቻ እንደተባረረ ዶሮ ታርገበግባለች። «እጅሽን ተይው፣ ከአንገትሽ ሥር ጀምሪ» እያልኩ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እስክትችል ድረስ ገለባው ፀጉራችን ውስጥ ገብቶ ሲያሳክከን ይውላል።

የሰርጉ ዕለት ሁለታችንም እናቴ ከአንድ ጣቃ ያሰፋችልንን፣ ጠርዙ አረንጓዴ የሆነ ነጭ ቀሚስ ለበስን። ዳሱ አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ይሸታል፤ ከበሮው ሆድ ውስጥ ይገባል። ስንት ወር የጠበቅሁት ቀን ነበር። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እናቴ ስጨፍር እንድታየኝ ፈልጌ ነበር። የሙሽራው ጓደኛ ካሜራውን ይዞ ወደ እኛ ወደ ልጃገረዶቹ ሲዞር መብራቱ ፊቴ ላይ አረፈ። ትከሻዬ ደረቀ። ሮጬ ከምሰሶው ጀርባ ገባሁ። ሰብለ መሐሉን ያዘችው። የኔን አንገት፣ የኔን ትከሻ፣ መጨረሻ ላይ ተንበርክኬ የምነሣባትን እንኳ ሳታስቀር፣ ሁሉንም አወረደችው። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። እናቴ በዚያ ሰዓት እንግዳ ልትቀበል ወጥታ አላየችም። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ቆምኩ።

የሙሽራው ጓደኛ ቪዲዮውን በዲቪዲ ገልብጦ ሲያመጣልን ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ማጫወቻው ግን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አውጥቶ ቀጥ አለ። እናቴ ዲቪዲዋን አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መለሰቻት፤ ያው ነው።

«ይኼም እንደ ስንዱ ሰው ሲያይ ያፍራል እንዴ?» አለ አጎቴ፣ የሰብለ አባት። ስንዱ እኔ ነኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ እናቴ እኔንና ሰብለን አስከትላ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ቪዲዮ ቤት ሄደች። ባለቤቱ ጎልማሳ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ አየው። «እትዬ፣ ይኼ እንዲሁ የተገለበጠ ነው፤ ኮምፒውተር እንጂ የቤትዎ ማጫወቻ አያውቀውም። መቀየር አለበት። ግን ሰርጉ ረጅም ነው፤ ሲቀየር በአንድ ዲቪዲ በደንብ አይገባም። በሁለት ላድርግልዎት?»

የእናቴ ፊት ተለወጠ። «የልጄን ሰርግ ለሁለት? አታሟርት! ሰርግ ለሁለት ከተከፈለ ትዳሩስ?»

«እንግዲያው ትንሽ እንቁረጥለት።»

«ማንን ነው የምትቆርጠው? የመጣው ሁሉ ዘመድ ነው። ነገ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አግኝቶ ‹ቆርጠሽ ጣልሽኝ› ሲለኝ ምን ልበለው?»

«ሁሉም በአንድ ከታጨቀ ምስሉ ይደበዝዛል፣ እትዬ።»

«ይደብዝዝ! ዘመድ በመልኩ ብቻ ነው እንዴ የሚታወቅ!»

ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ሥራውን ጀመረ። አግዳሚው ላይ ተደርድረን ጠበቅን። አንዲት አረንጓዴ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ትሄዳለች፤ ከበላይዋ በትንሽ መስኮት ሰርጉ ጥርት ብሎ ያልፋል። «ይኸው እኔ! ይኸው ደግሞ እኔ!» ትላለች ሰብለ፤ እናቴ ደጅ ከአንዲት ዘመድ ጋር ወሬ ይዛ ነበር። ራሴንም አየሁት፤ ከምሰሶው ጀርባ፣ ግማሽ ፊት፣ ጥርሴ ላይ ነጠላ። መብራት በጠፋ ብዬ ተመኘሁ። ጠፋ። ሲመጣ ግን ሥራው ከሀ ተጀመረና ሰብለ ከፊቴ እንደገና ጨፈረች።

እሑድ ጎረቤቱ እንደገና ተሰበሰበ። አሁን ተከፈተ። ሰው ሁሉ ግን ውኃ ውስጥ የቆመ ይመስላል፤ ዓይንና አፍ አይለይም።

«ያ ጋቢ የለበሰው እኔ ነኝ?» አለ አጎቴ።

«ጋቢ ያልለበሰ ማን አለና!» አሉት።

ከዚያ ያቺ ባለ አረንጓዴ ጠርዝ ቀሚስ ብቅ አለች። ፊቷ ነጠብጣብ ነው፤ ትከሻዋ ግን ይናገራል። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ «ይቺስ ማናት? የማን ናት?» አሉ። አጠገቤ ሰብለ ቀና አለች፣ አፏን ከፈተች። እናቴ ቀደመቻት።

«የእኔዋ ናታ! ስንዱ ናት። ከማጀት ጀርባ ስትለማመድ በግድግዳው ሽንቁር ስንት ቀን አይቻታለሁ። ትከሻዋ ይጠፋኛል?»

ቀሚሳችን አንድ ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እናቴ ስታየኝ መክረሟን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ሰብለ አየችኝ፤ አንድ ቃል ይበቃት ነበር። «አዎ አክስቴ፣ እሷ ናት» አለችና እልልታዋን አቀለጠችው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ባሰብኝ። እስክስታውን ስትወስድብኝ ቀንቼ ነበር፤ ያን የመሰለ ነገር እንዲህ በቀላሉ ስትሰጠኝ ደግሞ በደግነቷ ቀናሁ።

ትርንጎና ባሏ ዛሬም ደብረ ኤልያስ አብረው ናቸው፤ እናቴ «ለሁለት አይከፈልም ያልኩ እኔ!» ትላለች። እኔ በትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም። ሰብለ ባሕር ዳር ትሠራለች፤ ስልኳ በራሷ ቪዲዮ የተሞላ ነው፣ የሽፋሽፍቷ ጥላ ሳይቀር ይታያል። ለፋሲካ መጥታ ስለነበር ዲቪዲዋን እጄ ላይ ስታይ ብድግ አለች። «ስጪኝ፤ አሁን እኮ የደበዘዘውን ጥርት የሚያደርጉ አሉ። ጥርት አስደርጌ በስልክ ልላክላችሁ።»

እናቴ ከደጅ፣ ፀሐይ ከምትሞቅበት፣ «ስንዱ የምትጨፍርበት ነው?» አለች።

ሳላውቀው ዲቪዲዋን ደረቴ ላይ ለጥፌ ነበር። ሰብለ አየችኝ፤ እንደዚያን ቀን። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ተቧጭሯል፣ አክስቴ። የሚሆን አይመስለኝም» አለች።

«ቢቧጨርስ!» አለች እናቴ። «ድሮስ ከእኔ በቀር ማን ለይቷት!»

ከነጠላዎቹ ሥር መለስኳት። ዛሬ ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ማን የት እንደቆመ፣ ማን ከምሰሶ ጀርባ እንደቀረ አይሰወርም። በሰብለ አሁንም እቀናለሁ፣ ምን አባቴ ላድርግ። ከእሷ ይበልጥ ግን የምቀናው በዚያች ፊት በሌላት ልጅ ነው። ሰው ሁሉ እያያት ትጨፍራለች፤ እናቷም በትከሻዋ ታውቃታለች።