ቆዳ አልፊው አቶ ውብነህና የሚካኤል ጽዋ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለምትገኙ፣ አቶ ውብነህን ለምታውቋቸው ሁሉ፦ ቆዳ አልፊው ወዳጃችን ከአጭር ሕመም በኋላ ባለፈው እሑድ ማለዳ ዐርፈዋል። እዚሁ ንፋስ መውጫ፣ ከእናታቸው መቃብር አጠገብ ቀብረናቸዋል። ጎረቤታቸውና የማኅበር ወንድማቸው ነበርኩና ይህን መጻፍ ለእኔ ደረሰኝ።

አቶ ውብነህ በወጣትነታቸው መንግሥት ቆዳ ማልፋት እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ልኳቸው ነበር። የተማሩባት ትንሽ ከተማ ስሟ ለምላሳችን ስላስቸገረ «የውብነህ ከተማ» እንላት ነበር። ሳናያት መንገዷን ሁሉ ለመድነው። ጠላ ቤት ተቀምጠው በበትራቸው ጫፍ መሬቱን እየጫሩ ይሥሏታል፤ ሁለት ኮረብታ፣ በመካከሉ ወንዝ፣ ከበላዩ ጫካ። «ቆዳ ማልፊያው የዛፍ ቅርፊት ከጫካው፣ ቆዳው ከገበሬው፣ ውሃው ከወንዙ። ከተማ እንዲያው አይቆረቆርም፤ ምክንያት አለው» ይሉ ነበር። ቢራ ጠማቂዎቹ ከወንዙ ራስጌ፣ ቆዳ አልፊዎቹ ከግርጌ ናቸው። እዚህ ላይ ይሥቁና «ሽታው ወደ ታች፣ እንጀራው ወደ ላይ» ብለው ይጨምራሉ።

ሲመለሱ ቢሮ ይገባሉ ስንል ከከተማችን ግርጌ፣ ወንዝ ዳር ቆዳ የሚነክሩበት ገንዳ ቆፈሩ። እናታቸው «ልጄን ፈረንጅ አገር ሰድጄ ፋቂ ሆኖ መጣልኝ!» ብለው አለቀሱ። ንፋሱ ሽታውን ባመጣ ቁጥር አገሩ አፍንጫውን ይዞ ይሣለቅ ነበር።

የሚካኤል ማኅበራችን ጽዋ ከቤት ወደ ቤት በተራ ይዞራል። የአቶ ውብነህ ተራ ሲደርስ ጽዋው ከፊታቸው አልፎ ለቀጣዩ ሰው ተሰጠ። ከፋቂ ቤት አይበላም ነበርና። በዓመቱም እንዲሁ ሆነ። እሳቸው ግን ከማኅበሩ አልቀሩም። ሰው በገዛ ወንድሞቹ መካከል እንግዳ ሲሆን ያየሁበት ያ ጊዜ እስከ ዛሬ ያመኛል።

በዚያው ሰሞን የማኅበራችን አባት፣ ከጋይንቷ ቤተ ልሔም የመጡት መርጌታ፣ ዳዊታቸውን የሚከቱበት የቆዳ ማኅደር ተቀደደባቸው። አቶ ውብነህ ራሳቸው ባለፉት ቆዳ አዲስ ሰፍተው ሰጧቸው። ዋጋውንም «ጸሎትዎ ይበቃኛል» ብለው መለሱ።

ሦስተኛው ተራ ደረሰ። የማኅበሩ ሽማግሌ ጽዋውን እንደ ልማዱ ሊያሳልፉ ሲሉ መርጌታ እጃቸውን ያዙ።

«ቆይ እስቲ። ዳዊቴ በዚህ ሰው ቆዳ ውስጥ ያድራል፤ እኔስ ቤቱ ብበላ ምን እሆናለሁ? ብራናውንስ ቢሆን እኔው በእጄ ፍቄው የለም እንዴ?»

«እሱማ ለቃለ እግዚአብሔር ነው፣ የኔታ» አሉ ሽማግሌው።

«ፍየሏ ግን አንድ ናት» አሉና መርጌታ ጽዋውን አንሥተው በአቶ ውብነህ እጅ አኖሩት።

ስለዚያ ወንዝና ስለዚያ ጫካ አውርተው የማይጠግቡት ሰው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «አባቴ፣ ገና ዛሬ አገሬ ገባሁ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ተራዎ አልታለፈም፣ አቶ ውብነህ። ባለፈው ወርም ጽዋውን ከእኔ እጅ ተረክበው ነበር፤ ቀኑ ሳይደርስ ቀደሙን እንጂ። ከቀብርዎ ወዲህ ገንዳውን የነካ የለም፤ ከወንዙ የሚመጣው ንፋስም ምንም አይሸትም። ያን ሁሉ ዓመት ስናማርር የኖርን ሰዎች አሁን ደጅ ወጥተን እናሸታለን። ነፍስዎን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ጽዋው ቤትዎ ነው፤ በሚካኤል ዕለት ሁላችንም እንመጣለን።